ማርበርግ ማርቆስ ሳይደርስ ፍርሃቱ ቀድሞ ገባ

ጥር 18 ቀን 2018 ሀገራችን የማርበርግ ወረርሽኝ ማብቃቱን ካወጀች በኋላ የፔጁ ኢንቦክስ ጸጥ ብሏል። ኅዳር ላይ ስልኬ ሌሊት ሁሉ ሲጮህ ያድር ነበር። «ዶክተር፣ ዛሬ ሲያስነጥሰኝ ዋለ፣ ማርበርግ ይሆን?»፣ «ከሀዋሳ እኅቴ ልትመጣ ነው፣ ተይ ልበላት?»፣ «ብር በመቁጠር ይተላለፋል?»። አሁን ወደ ጨጓራና ወደ ፀጉር መነቃቀል ተመልሰናል።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው። ሰው በደነገጠ ሰዓት የሚሰማው ምክር ግማሹ አይገባውም። አሁን ልባችን ረግቶ ሳለ እናውራው።

የነበረውን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ኅዳር 5 ቀን 2018፣ ዓርብ ዕለት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጂንካ ከተማ የታየው በሽታ ማርበርግ መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በሀገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው። እስኪያበቃ ድረስ በምርመራ የተረጋገጠባቸው 14 ሰዎች ነበሩ፤ 9ኙ ሞቱ፣ 5ቱ ዳኑ። ሳይመረመሩ የሞቱና በሽታው ሳይሆን አይቀርም የተባለላቸው 5 ሰዎች ደግሞ አሉ። ከታመሙት ውስጥ የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት።

ከጂንካ እስከ ደብረ ማርቆስ አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ወሬ ግን የዓባይን በረሃ ለመሻገር መኪና አይጠብቅም። ዜናው በወጣ ማግሥት ከተማው ውስጥ ማስክ የሚጠይቅ ሰው በዛ፤ የኮሮና ጊዜ ትርፍ ያለው ከመሳቢያ አውጥቶ አጠበው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ እንደገና ወደ መድኃኒትነት ተመለሱ። መናኸሪያ አካባቢ በክርን ሰላምታ ተጀመረ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ከዓይኑ ደም የሚፈስ ሰው ምስል እየተቀባበልን «ጂንካ ነው» እንባባል ነበር። ማን እንዳነሣው፣ የት እንደተነሣ የጠየቀ የለም።

በዚያው ሰሞን ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የመጣ አንድ ሹፌር እኛ ጋ መጣ። አላመመውም። አልቤርጎ ሲጠይቅ ከየት እንደመጣ ሰምተው አልጋ የለንም ስላሉት ሁለት ሌሊት መኪናው ውስጥ አድሯል። የማርቆስን የኅዳር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ዶክተርዬ፣ ጤነኛ ነው ብለሽ ወረቀት ጻፊልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ከታመመ ሰው ጋር አልተነካካም፣ ትኩሳት የለውም፣ ምንም የለውም። የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፦ በማርበርግ የተያዘ ሰው እንኳ ቢሆን ምልክት ሳያሳይ በፊት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ኮሮና የሸወደን እዚህ ላይ ነበር፤ ኮሮና ደህና ነኝ ብሎ ከሚስቅ ሰው ይተላለፍ ነበር። ማርበርግ እንደዚያ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚተላለፈው? የታመመን ወይም በበሽታው የሞተን ሰው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሽንት፣ ምራቅ፣ ላብ በመንካት ነው፤ ፈሳሹ በተላጠ ቆዳ ወይም በዓይን፣ በአፍና በአፍንጫ በኩል ሲገባ። በእነዚህ ፈሳሾች የተበከለ አንሶላ፣ ልብስና መርፌም ያስተላልፋል። በሚኒባስ ውስጥ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ስለተነፈሰ አይይዛችሁም። ቫይረሱ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ይፈጃል። «21 ቀን» የሚባለው ነገር ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ በሽታ ከማንም በፊት የሚያጠቃው ለታማሚው የቀረበውን ነው። ትውከቱን የጠረገችውን እናት፣ ጉሉኮስ የሰቀለውን ነርስ፣ አስከሬን ያጠበውን ዘመድ። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አይደለም። እኛ ግን ኅዳር ላይ የፈራነው የሚያልፈውን ነው፤ የሙዙን ሹፌር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬ ነው የምነግራችሁ። ከማርቆስ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣ ወጣት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ትኩሳት ያዘው፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፤ በሦስተኛው ቀን ነሰረው። ቤተሰቡ ስልክ ላይ ያዩትን ቪዲዮ አስታወሱና ከበጎቹ ማደሪያ አጠገብ ያለች ጎጆ ውስጥ ለብቻው አስተኙት። እንጀራና ውሃ በር ላይ ያስቀምጡለታል፣ ከሩቅ ይጠሩታል። ጎረቤት እንዳይሰማ ለማንም አልተናገሩም፤ ታናሽ እኅቱ ልትዳር ስለነበር «የማርበርግ ቤት» መባሉን ፈሩ። በአምስተኛው ቀን ሲጠሩት መልስ አልሰጠም።

ባጃጁ ግቢያችን በር ላይ አራግፎት ሄደ፤ ሹፌሩ ገንዘቡን እንኳ አልተቀበለም። እኛ ምን አደረግን? ጓንት፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ ረጅም ጋዋን። ለብቻው ክፍል አስገባነው፤ የሚገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ሆኑ፣ ስማቸውም ተመዘገበ። ከዚያ አባቱን ሁለት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ባለፉት 21 ቀናት የት ነበር? የታመመ ወይም የሞተ ሰው ነክቷል ወይ? ደቡብ አልሄደም፣ ለቅሶ አልደረሰም፣ አብረውት ከሠሩት መካከል ግን ሁለቱ «ወባ» ተብለው ታክመዋል። ከጣቱ ደም ወስደን በወባ ራፒድ ቴስት አየነው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት ነው፤ ወደ አንጎል ወጥቶበታል።

አርቴሱኔት በደም ሥር ጀመርንለት። ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይኑን ገልጦ በሶ ጠየቀ። አባቱ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ሲያለቅሱ ነርሶቹም አብረው አለቀሱ፤ እኔ ካርድ የምጽፍ መስዬ ዞር አልኩ።

ይህን የምነግራችሁ ቤተሰቡን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም የሠሩት ነገር ግማሹ ልክ ነው። የተጠረጠረን ሰው ለብቻው ማድረግ፣ ዕቃውን መለየት፣ ሰው እንዳይጎርፍበት ማድረግ፤ እኛም የምናደርገው እሱኑ ነው። የጎደለው ሌላኛው ግማሽ ነው፦ መጥራት። ለይቶ ሳያክሙ ማስቀመጥ ሰውን እንዲሞት መተው ነው። በሽታው ማርበርግም ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ነበር።

ብዙ ሰው «ማርበርግ ክትባትም መድኃኒትም የለውም፣ ሐኪም ቤት መሄድ ምን ይጠቅማል?» ይለኛል። እውነት ነው፣ እስካሁን ፈቃድ ያገኘ ክትባትም ሆነ መድኃኒት የለውም። ግን ቁጥሮቹን እዩ። ባለፉት ወረርሽኞች የሞት መጠኑ ከ24 እስከ 88 በመቶ ተለዋውጧል። ሩዋንዳ በ2024 (እንደ አውሮፓውያን) 66 ሰው ታሞ የሞቱት 15 ናቸው፤ ከአራት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ስለነበሩ ቶሎ ታወቁ፣ ቶሎም ታከሙ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሳይቀሩ ከማሽን ተላቀው ድነዋል። በዚያው ሰሞን፣ በ2025 መጀመሪያ፣ ታንዛኒያ ካጌራ ውስጥ ከተመዘገቡት 10 ታማሚዎች ግን አንድም አልተረፈም። የፈሳሽ ምትክ፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ አብሮ የመጣን ወባ ማከም፤ እነዚህ ተራ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፣ ነገር ግን ሰው ያተርፋሉ። ለዚህ ደግሞ ታማሚው መምጣት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ አልደብቃችሁም። ማርበርግ ሲጀምር ከወባ፣ ከታይፎይድ፣ ከተስቦ በዓይን አይለይም። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት። በሦስተኛው ቀን ገደማ ተቅማጥና ማስመለስ። መድማት ካለ የሚመጣው በአምስተኛው ቀን አካባቢ ነው፣ ሁሉም ላይም አይታይም። ስለዚህ «ደም ካልፈሰሰው ማርበርግ አይደለም» ማለትም፣ «ነስሮታልና ማርበርግ ነው» ማለትም ሁለቱም ስሕተት ነው። ከመልኩ ይልቅ ታሪኩ ይናገራል፦ የት ነበርክ፣ ማንን ነካህ። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። ፖሊስ አይደለንም።

ለይቶ ማቆያ የሚለው ቃል ከኮሮና ወዲህ የእስር ቤት ሽታ ይዞ ቀርቷል። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ሲታወቅ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ዜጋ በመንገድ ላይ «ኮሮና!» እየተባለ ሲሰደብና ድንጋይ ሲወረወርበት አስታውሳለሁ። ያ ፍርሃት ዘንድሮ የከተማ ታርጋና አነጋገር ወደ መለየት ወረደ እንጂ አልጠፋም። አንድ ነገር ግን ለዩልኝ፤ ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው ሰው ታማሚ ማለት አይደለም። 21 ቀን ሙቀቱ በየቀኑ ይለካል፣ ደህና ከሆነ ወደ ኑሮው ይመለሳል። በእነዚያ ቀናት ጎረቤት ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ነገር ስልክ መደወልና እህል አስፈጭቶ በር ላይ ማድረስ ነው።

ስለ እኛም ትንሽ ልበል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አይፈራም የሚል ካለ ተሳስቷል። አብራኝ የምትሠራ ነርስ እናቷ ከቢቸና ደውለው «ልጄ፣ ደመወዙ ይቅርብሽ፣ ነይ ጤፉን እናጭዳለን» ብለዋታል። ልጅቱ ሳቀች፣ ቀጥላ ጓንት ቆጠረች። አዎ፣ ቆጠረች። አንዳንድ ጊዜ የምርመራ ጓንት አልቆ ታማሚው ከውጭ ገዝቶ እንዲመጣ የሚደረግበትን አሠራር የሀገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ነገር በወረርሽኝ ጊዜ ሰው እንደሚገድል አለቆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ ጓንት የሌለው ነርስ ወይ ታማሚውን አይነካም፣ ወይ ይነካና ለቤተሰቡ ይዞ ይገባል።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር፣ መከላከያ ልብስ ማውለቅ ከመልበስ ይከብዳል። ስትለብሱት ንጹሕ ነው፤ ስታወልቁት ግን የውጭው ፊት በሙሉ እንደተበከለ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ እያየ፣ ቅደም ተከተሉን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ እጅ እየታጠበ ነው የሚወለቀው። ከሰዓታት በኋላ ላብ አጥምቋችሁ፣ መነጽሩ ታፍኖ፣ አፍንጫችሁን ማከክ ያምራችኋል። እዚያች ላይ ነው ጠንቀቅ ማለት። ቫይረሱ ራሱ በ1967 (እንደ አውሮፓውያን) መጀመሪያ የታወቀው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው፤ ከዩጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ሲመረምሩ የነበሩ፣ በጀርመን ማርቡርግና ፍራንክፈርት እንዲሁም በቤልግሬድ። 31 ሰው ታሞ 7 ሞቱ። ስሙም ከዚያች ከተማ ቀረ።

ቤት ውስጥስ? ጓንትና ጋዋን ግዙ አልላችሁም። የተጠረጠረ ሰው ካለ ጤና ቢሮ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው ብቻ ያስታምም፤ እርጉዝ ወይም አራስ ባይሆን ይመረጣል። በባዶ እጅ ትውከትና ደም አይጠረግ። ገበያ ላይ ያለው በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ነው (ጠርሙሱን አንብቡ)፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ስትበጠብጡት ለወለልና ለዕቃ የሚሆን 0.5 በመቶ ይወጣል። ለዕለቱ ብቻ በጥብጡ፤ እያደረ ኃይሉን ያጣል። ሰው ላይ አትርጩ፣ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፣ በፍጹም አትጠጡ። ለእጅ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ጨምሩት፣ እዚያ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ብልሁን የጠየቁኝ አንድ ቄስ ናቸው። ስለ ሁለት ነገር። የመጀመሪያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር የሌሊት ወፍ ሰፍሮበታል፤ ወጣቶቹ በጭስ እንግደለው ብለዋል፣ ምን ይሻላል? ማርበርግን ተሸክሞ የሚኖረው አንድ የታወቀ ዓይነት ነው፤ ፍራፍሬ የሚበላ፣ በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በብዛት የሚሰፍር። በጣሪያ ሥር የምናያቸው ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሳት በሊታዎች ናቸው። ከዚህም በላይ መግደል መድኃኒት እንዳልሆነ ዩጋንዳ ላይ ታይቷል። ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች በማርበርግ ከታመሙ በኋላ ወፎቹን ጨርሰው አጠፏቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች መጥተው ሰፈሩ፤ ሲመረመሩ ቫይረሱን የተሸከሙት ከድሮዎቹ በእጥፍ በልጠው ተገኙ። ስለዚህ አባ፣ አልኳቸው፣ ኩሱን በደረቁ አትጥረጉ፣ አርጥባችሁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ አጽዱ፤ ቀዳዳውን ወፎቹ ሲወጡ ድፈኑ፤ እረኞች ዋሻ ውስጥ እንዳይጫወቱ ምከሩ።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ግንዛት ነበር። «እንደው ልጄ፣ አምላክ ይሰውረንና ቢመጣ፣ ሳይታጠብ ሳይገነዝ ሰው እንደ ውሻ ይቀበራል?»

ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሐኪም ጎጃምን አያውቅም። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን ከምንም በላይ ተላላፊ ነው፤ ቫይረሱ በሚሞትበት ሰዓት በሰውነቱ ሞልቶ ይፈሳል። ማጠብ፣ መሳም፣ ላዩ ላይ ወድቆ ማልቀስ አንድ ለቅሶ ላይ ብዙ ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ግን ያለ ክብር ቅበሩ የሚል ፕሮቶኮል የለም። የሠለጠነ ቡድን መከላከያ ለብሶ በማያስተላልፍ ከረጢት ይከፍነዋል፤ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ ፈቅዶ፣ እያየ ነው። ካህኑ በርቀት ቆሞ ፍትሐት ያደርሳል። ነጠላውም ሆነ ነጭ ጨርቁ ከከረጢቱ በላይ ሊደረብ ይችላል። መቃብሩ በራሱ ደብር፣ በዘመዶቹ አጠገብ ይሆናል። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና «ፍትሐቱ ካልቀረማ፣ እጅ ባይነካውም ይሆናል። ግን ይህን ቀድሞ ለእድሩ የሚነግር ይኑር፤ ሬሳ ከወጣ በኋላ ከመጣችሁ ማንም አይሰማችሁም» አሉኝ። ከጤና ቢሮ ሠነድ ሁሉ ይልቅ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ነው ደብተሬ ላይ የጻፍኳት።

ኅዳር 12 ማለዳ ደግሞ ከተማው በጭስ ታጠነ። ይህ ልማድ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ የቀረ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ራስ ተፈሪም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ዘንድሮ ዜናው ከወጣ ልክ በሳምንቱ ስለዋለ በእኛ ሰፈር እሳቱ ከወትሮው በዝቶ ነበር። ቆሻሻ ማጽዳቱ ደግ ነው። ጭሱ ግን ማርበርግን አያውቀውም፤ የሚያውቀው አስም ያለባቸውን ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ድንገተኛ ክፍላችን ውስጥ ኔቡላይዘር ሲጮህ ዋለ፤ ፕላስቲክና ጎማ ባታቃጥሉ ምን አለበት?

በመጨረሻ ከዳኑት አምስት ሰዎች ጋር የተያያዘውን ጥያቄ ልመልስ፤ ወረርሽኙ ካበቃም በኋላ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። «የዳነ ሰው ይጨበጣል ወይ?» አዎ፣ ይጨበጣል። አብራችሁት ብሉ፣ አብራችሁት ሥሩ፣ ቤት አከራዩት። ወረርሽኝ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው ታማሚ ከዳነ ወይም ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን፣ ማለትም የ21ዱ እጥፍ፣ ያለ አዲስ ታማሚ ሲያልፍ ነው፤ ያ ተቆጥሮ አልፏል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ቫይረሱ በዳነ ወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ምርመራው ሁለት ጊዜ ነፃ እስኪል፣ ካልተመረመረ ደግሞ ሕመሙ ከጀመረበት አንሥቶ 12 ወር እስኪሞላ፣ ኮንዶም መጠቀም አለበት። ይህንን ለባለቤቱና ለሐኪሙ ይንገር፤ ለሰፈሩ መንገር አይጠበቅበትም።

ትኩሳት ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ፣ በተለይ ከቆላ የተመለሰ ከሆነ፣ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ የወባ ምርመራ ይደረግለት። የተለየ ነገር የጠረጠራችሁ እንደሆነ ከመንካታችሁ በፊት 8335 ወይም 952 ደውሉ፣ ነፃ ነው።